ስትራይክ የገባበትን ቪዲዮ ማጥፋት መፍትሔ አይሆንም

ጥር ለጎንደር የጥምቀትም የሠርግም ወር ነው። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የተቀረጸው ጭፈራም፣ አዝማሪ በማሲንቆ ያደመቀው ዳስም ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ቀጥሎ የኮፒራይት (የቅጂ መብት) መልእክት ይመጣል፤ የቻናሉ ባለቤት ደንግጦ ቪዲዮውን ያጠፋል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል።

«ኮፒራይት መጣብኝ» የሚባለው በሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። አንደኛው ክሌም ነው፤ ኮንቴንት አይዲ የተባለው ሥርዓት ድምፁን ከተመዘገበ ዘፈን ጋር አመሳስሎ ያወጣዋል። ቪዲዮው አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም፣ የማስታወቂያ ገቢው ግን ወደ ጠያቂው ይዞራል። ሁለተኛው ስትራይክ የሚባለው የቅጣት ምልክት ነው፤ ባለመብት ነኝ ያለ ሰው ቪዲዮው እንዲነሳ በሕግ ሲጠይቅ ይመጣል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ስትራይክ የገባበት ቻናል ይዘጋል።

ስትራይክ ከገባ በኋላ ቪዲዮውን ማጥፋት ቅጣቱን አያነሳም። ማጥፋት የሚያድነው ጠያቂው የ7 ቀን ጊዜ ሰጥቶ ከሆነና ቀኑ ካላለፈ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው መንገድ ዩቲዩብ የሚሰጠውን የኮፒራይት ትምህርት ጨርሶ 90 ቀኑን መጠበቅ፣ ጠያቂው እንዲተው ማግባባት፣ ወይም ካውንተር ኖቲፊኬሽን፣ ማለትም ቪዲዮው የተነሳው በስህተት ነው የሚል ሕጋዊ መቃወሚያ መላክ ነው። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። እውነተኛ ስምና አድራሻ ይጠይቃል፣ ለጠያቂውም ይደርሰዋል፤ ላኪው በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ይስማማል። ጠያቂው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል።

ጎንደር ላይ የሚበዛው ውዝግብ ግን የማሲንቆው ነው። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ዜማ የማንም የግል ንብረት አይደለም። አዝማሪው ያን ምሽት የተጫወተውና የተቀዳው ድምፅ ግን ባለቤት አለው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ኮንቴንት አይዲ ይህን ሊለይ አይችልም። አንድ ሙዚቃ ቤት ያንኑ ዜማ ቀድቶ በአከፋፋይ በኩል ካስመዘገበ፣ ዳስ ውስጥ በተቀረጸው የሌላ አዝማሪ ጨዋታ ላይ ክሌም ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ክሌም መከራከር ተገቢ ነው፤ አጻጻፉ ግን ይወስናል። «ቪዲዮው የእኔ ነው፣ ልቀቁልኝ» ማለት ለማንም አያስረዳም። እንዲህ ይጻፍ፦ «ከ2፡14 እስከ 3፡40 የሚሰማው ጥር 12 ቀን ጎንደር ላይ በራሳችን ማይክ የቀዳነው ነው። ከተጠቀሰው ዘፈን የተወሰደ ድምፅ የለበትም። ዜማው የቆየ የሕዝብ ዜማ ነው፣ አዝማሪው በጽሑፍ ፈቅዶልናል።» ክሌሙ በመጣ በ5 ቀን ውስጥ ከተላከ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል። ጠያቂው በ30 ቀን ካልመለሰ ክሌሙ ይነሳል። እምቢ ካለ ይግባኝ አለ፤ ለእሱ መልስ የሚሰጠው በ7 ቀን ነው። በዚህ ደረጃ ቪዲዮው ይነሳ ብሎ ከጠየቀና ከጸናለት ስትራይክ ይመጣል፤ ስለዚህ ማስረጃ ሳይዙ እዚህ ድረስ መሄድ አደጋ አለው።

ዲጄው አዳራሽ ውስጥ የታወቀ ዘፈን ከፍቶ ከሆነ ግን ክርክሩ ይቅር። የዘፋኙን ስም ከሥር መጻፍም ሆነ «ለገቢ አይደለም» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ዩቲዩብ ስቱዲዮ በሚባለው የቻናል ማስተዳደሪያ ውስጥ ያንን ክፍል መቁረጥ፣ ድምፁን ማጥፋት ወይም ዘፈኑን መቀየር ይቻላል፤ ክሌሙም ይነሳል። የሌላውን ቀረጻ አውርደው በራሳቸው ቻናል የሚጭኑ የከተማችን ልጆችም አሉ፤ እነሱ ላይ የሚመጣው ስትራይክ የሚገባ ነው።

ማስረጃው የሚዘጋጀው በቀረጻው ዕለት ነው። ከካሜራው የወጣው ያልተነካ ፋይል ኤዲት ካለቀ በኋላም አይጥፋ። ለአዝማሪው ክፍያ ሲሰጥ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት ይፈረም፤ የተከፈለው ብር፣ ቀኑ፣ ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ እንደሚጫንና ገቢ ቢያስገኝ የእሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። መፈረም ለማይችል የጣት አሻራና ሁለት ምስክር ይያዝ፣ አንድ ቅጂም ለእሱ ይሰጠው።