ለጆንያው ሳንቃ አለ፣ ለእኔ የለም

ከባሕር ዳር ከተመለስን ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው። ብብቴ ሥር የበለዘው ገና አልለቀቀኝም። ያበለዙኝ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሊረዱኝ የተሯሯጡ ሁለት ልጆች ናቸው። ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።

ለማታውቁኝ፣ ግራ እግሬን በልጅነቴ ፖሊዮ ጎድቶታል። ብሬስ፣ ማለትም እግሬን የሚደግፍ ማሰሪያ፣ አስሬ በሁለት ክራንች እሄዳለሁ። ደረጃ እወጣለሁ፣ ታክሲ እሳፈራለሁ፣ ሥራዬን በሰዓቱ እገባለሁ። የማልችለው መዝለል ነው። በተለይ ከታች የሚወዛወዝ ነገር ላይ መዝለል አልችልም። የጣና ጀልባ ደግሞ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

እናቴ 70 አልፏታል፤ ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል። "ዘጌን ሳልሳለም አልሙት" እያለች፣ ጣና ዳር ያለውን ገዳም ማለቷ ነው፣ ስንት ዓመት ስትለምነን ኖረች። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ከእህቴና ከልጆቿ ጋር ተሰባስበን ሦስት ቀን ዕረፍት ባሕር ዳር እናሳልፍ ተባባልን። የደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ እናውቃለን፤ ሥርዓቱ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ዘጌ ግን ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው። እኔን የዘጋኝ ገዳሙ ሳይሆን ወደቡ ነው።

ማለዳ ወረድን። ጣናን የሚያውቅ ሁሉ በጠዋት ሂዱ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትንንሾቹን ጀልባዎች ያንገላታቸዋል። በዋጋ ተስማማን፣ ላይፍ ጃኬት ለበስን። ከዚያ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ቆሜ ወደ ታች ባይ፣ ጀልባዋ ጉድጓድ ውስጥ የወረደች ትመስላለች። ከቆምኩበት እስከ ወለሏ ወገቤን ያህል ነው። መሐል ላይ ደግሞ ውኃ የሚታይበት ክፍተት አለ፤ ጀልባዋ ስትጠጋ ይጠባል፣ ስትሸሽ ይሰፋል። መውረጃ ደረጃ የለ። የሚደገፉት ብረት የለ። የሚይዙት ገመድ እንኳ የለም። የእህቴ ልጆች ዘለው ገቡ።

"አይዞሽ እህቴ፣ እኛ አለንልሽ" አለኝ ወደቡ ላይ ከሚሠሩት ሁለት ልጆች አንዱ። እሺም እምቢም ሳልል ክራንቼን ከእጄ ወሰደው።

እባካችሁ ይህን ስሙኝ። በክራንች የሚሄድን ሰው ክራንቹን ስትወስዱበት እግሩን ነው የወሰዳችሁበት። በታክሲ ተራ ተናገርኩ፣ በባንክ ደጃፍ ተናገርኩ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተናገርኩ፤ አሁንም እናገራለሁ። መርዳት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ "እንዴት ልያዝሽ?" ይበለኝ። ይህን ሰውነት ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬያለሁ። የትኛው ጎኔ ክብደት እንደሚችል፣ የትኛው እንደሚከዳኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ያ ልጅ ቢጠይቀኝ ኖሮ "አንተ ጀልባዋ ውስጥ ቁምና ትከሻህን ስጠኝ" እለው ነበር። ጠርዙ ላይ ተቀምጬ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ እወርድ ነበር።

አልጠየቀኝም። አንዱ ከኋላ ብብቴ ሥር ገባ፣ ሌላው ከታች እግሬን ያዘ፣ አየር ላይ አነሡኝ። ብሬሴ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። "ቆይ! ቆይ! እግሬ!" ብዬ ብጮህም ሰሚ አላገኘሁም፤ "በርቺ! በርቺ!" ይሉኛል። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ተገለበ፣ ነጠላዬ ውኃ ውስጥ ገባ። ወደቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። የዐሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ፊቷን አዞረች። እማዬ ከላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ፤ ልጆች አሳድጋ የዳረች ሴት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እየተንፏቀቀች ወረደች።

አጠገባችን የተቀመጡ ሌላ ተሳፋሪ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሐዘኔታ አዩኝና "ልጄ፣ በዚህ አቅምሽ ምን አንከራተተሽ?" አሉኝ። ምን አንከራተተኝ? እርስዎን ያመጣዎት ነገር ነዋ። ሐይቁን ላይ፣ ከእናቴ ጋር ልሳለም፣ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ልነሣ። ለዚህ ምክንያት ማቅረብ አለብኝ እንዴ?

ነጂው ጨዋ ሰው ነው። መንገድ ላይ "በመስከረም ብትመጡ ይህ ሁሉ አይደርስባችሁም ነበር፤ ያኔ ውኃው ከወደቡ ጋር ይስተካከላል" አለኝ። ያንን ስሰማ ይበልጥ ተቃጠልኩ። ጣና በክረምት እንደሚሞላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ብሎ ከዚያ እየቀነሰ ግንቦትና ሰኔ ላይ እንደሚወርድ የማያውቅ አለ? ልዩነቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጫራ ጫራ ግድብ ውኃው በበር ይመጠናል፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ከዚሁ ሐይቅ ውኃ ይስባል። የሐይቁ ከፍታ እየተለካ የሚመዘገብ ነገር ነው፤ ማንንም በድንገት አይይዝም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር አንድ ከፍታ ብቻ ያለው መሳፈሪያ ሠርቶ መሄድ ምን ይባላል? ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል ወደብ መሥራት ረቂቅ ጥበብ አይጠይቅም። ወደ ውኃው እየወረደ የሚሄድ ሰፊ ደረጃና የእጅ መደገፊያ ይበቃል። ወይም ባዶ በርሜሎች ላይ የተመታ የእንጨት መድረክ፤ እሱ ውኃው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል።

ሕጉም ቢሆን አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር የሚሄድ ሰው ጭምር የሚገባባቸው እንዲሆኑ ደንግጓል። "ወደብ ሕንፃ አይደለም" የሚለኝ ካለ፣ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስሙ ጠርቶታል። ጀልባ ትራንስፖርት ነው። እኔስ ለዕረፍት መጥቼ በማግሥቱ አገሬ ገባሁ። ደቅ ደሴት ላይ የሚኖር ሰው ግን ሐኪም ቤት የሚደርሰው በጀልባ ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ እግሩ የተሰበረ ገበሬ፣ ለጸበል የሚመጡ ሽማግሌዎች፣ እነሱስ በማን ብብት ተንጠልጥለው ይውረዱ?

ዘጌ ደረስን። ወደ ገዳሙ የሚወስደው ዳገት በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። አልወቅሰውም፤ ሥሩንና ድንጋዩን እያየሁ፣ እያረፍኩ፣ በራሴ ክራንች ወጣሁት። የቸኮለብኝ ሰው አልነበረም። እማዬ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕላት ቆማ እያየች ስትጸልይ የጠዋቱን ረሳሁት ማለት ይቻላል።

ስንመለስ ነው የባሰው። እኛ የምንሳፈርበት ዳርቻ አጠገብ አንዲት ሌላ ጀልባ ጆንያ እየጫነች ነበር። ከዳርቻው እስከ ጀልባዋ ሰፊ ሳንቃ ተዘርግቷል፤ እንዳያዳልጥ በላዩ ላይ ቀጫጭን እንጨት በየእርምጃው ተመትቶበታል። ጫኚዎቹ ሸክማቸውን ይዘው ዘና ብለው ይመላለሳሉ። ባየሁት ጊዜ እንባዬ መጣ። መፍትሔው ሁልጊዜም እዚያው ነበር ማለት ነው! ጆንያ እንዳይወድቅ ታስቦለታል። ለሰው ግን "እንሸከምሻለን" ነው መልሱ።

የእህቴ ልጅ ናት፣ ያቺው ፊቷን ያዞረችው፣ ሮጣ ሄዳ "ጋሼ፣ አንዴ አውሱን" ብላ የለመነችው። ሰውዬው ሳያቅማማ ሳንቃውን አንሥቶ ወደ ጀልባችን ዘረጋው። ጫፉን በእግሩ ረግጦ ያዘልኝ። አልነካኝም። "ቀስ በይ፣ እኔ የትም አልሄድም" ብቻ አለኝ። በሁለት ክራንቼ፣ በገዛ እግሬ፣ ስድስት እርምጃ ሄጄ ተቀመጥኩ። እማዬ ክንዱን ይዛ ተከተለችኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ማንም ቆሞ አላየኝም፣ የሚታይ ነገር ስላልነበረ።

እናንተ በማኅበር ተደራጅታችሁ ጀልባ የምታሠሩ፣ ወደቡን የምታስተዳድሩ፣ ቱሪስት አልመጣ አለን የምትሉ፦ አንድ ሳንቃ ነው የምለምናችሁ። በየጀልባው አንድ ሳንቃ፣ በየወደቡ አንድ መደገፊያ ብረት። የሚያስወጣውን ገንዘብ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ለመጀመሪያው ወደብ አዋጥቼ እሰጣለሁ፤ ከልቤ ነው፣ የሚመለከተው ሰው ይጻፍልኝ።

ሳንቃው ለባለቤቱ ተመለሰና ተነሣን። ነፋሱ ጀምሮ ስለነበር እማዬ እጄን ጨብጣ እስከ ባሕር ዳር አልለቀቀችኝም። ወደቡ ሲታየን ሁለቱ ልጆች ጠርዙ ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ አንዱ ገና ከሩቁ እጁን ለክራንቼ ዘርግቷል።