የፓሪስ ኑዛዜ ለንደንን ነጻ አያወጣትም

ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ለካሜሩኑ ፕሬዚዳንት ለፖል ቢያ የጻፉት ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ይፋ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ፈረንሳይ በካሜሩን ነጻነት ዋዜማና ከነጻነትም በኋላ ጦርነት ማካሄዷን አመነ። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልነበረበትም፤ ስለ ካሳም አላነሳም። ይህ በራሱ የሚያስቆጣ ነው። ይህንኑ ደብዳቤ አስታኮ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የሰማሁት አስተያየት ግን ከደብዳቤው የባሰ አበሳጨኝ። አንድ ተወያይ፣ እንግሊዞች እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ ያላስፈለጋቸው የሚያሳፍር ነገር ስላልሠሩ ነው፣ በእንግሊዝ እጅ የወደቀው የካሜሩን ክፍልም ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት የወረሰ ዕድለኛ ነው አሉ። አወያዩም አንድ ጥያቄ ሳያቀርብ ወደ ሌላ ርእስ ተሻገረ።

ለፈረንሳይ ጥብቅና የምቆምበት ምክንያት የለኝም። ነጻነትንና የሁለቱን ካሜሩኖች፣ የፈረንሳዩንና የእንግሊዙን ክፍል፣ መዋሐድ የጠየቀው የካሜሩን ሕዝቦች ኅብረት በ1955 ታገደ። መሪው ሩበን ኡም ንዮቤ፣ በ1952 ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ የሕዝቡን አቤቱታ ለተባበሩት መንግሥታት ያሰማ ሰው፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1958 በቡምንዬቤል አቅራቢያ ጫካ ውስጥ መሣሪያ ሳይይዝ ተገደለ። አስከሬኑ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ፤ ከዚያም በኮንክሪት ተደፍኖ ተቀበረ። የሞተን ሰው በኮንክሪት የሚደፍን መንግሥት ምን ያህል ይፈራው እንደነበር መገመት አያዳግትም። በገዛ አገሩ ክብሩ በሕግ የተመለሰለት በ1991 ነው።

ነገር ግን «ደብዳቤ አልጻፉም፤ ስለዚህ ንጹሕ ናቸው» የሚለው ክርክር ከየት የመጣ ነው? ያልተናዘዘ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ጥፋተኛ አይኖርም። እንግሊዝ በኬንያ የማው ማው አመፅ ዘመን ከ1,000 በላይ ሰዎችን በስቅላት ገድላለች። የዚያን ዘመን ሰነዶች ለአሥርት ዓመታት ደብቃ ይዛ ኖራ፣ በ2013 ለ5,228 ኬንያውያን 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለችው በፍርድ ቤት ተከስሳ መውጫ ሲጠፋት ነው። ሽማግሌዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ባይከሷት ኖሮ፣ ስለ ኬንያም ዛሬ «ንጹሕ» ይባልላት ነበር።

በካሜሩንም ቢሆን የለንደን እጅ ንጹሕ አልነበረም። ፈረንሳይ የኅብረቱን መሪዎች ስታሳድድ ፌሊክስ ሙሚዬና ጓደኞቹ ድንበር ተሻግረው ወደ እንግሊዙ ክፍል ገቡ። ሁለቱ ኃያላን በእርግጥ ባላንጣ ቢሆኑ ኖሮ መጠጊያ ባገኙ ነበር። እንግሊዝ ግን በ1957 ድርጅቱን በራሷ ግዛትም አገደች፤ መሪዎቹንም ወደ ሱዳን አጋዘች። ሙሚዬ በ1960 ጄኔቫ ውስጥ ተመርዞ ሞተ። ከተጋዙት አንዱ ኧርነስት ዋንዲዬ አገሩ ተመልሶ ሲዋጋ ተይዞ በ1971 ባፉሳም ላይ ተረሸነ። የሁለቱ ቅኝ ገዥዎች ፉክክር ስለ መሬትና ስለ ንግድ ነበር፤ ጥቁር ሰው «አገሬን መልሱልኝ» ሲል ግን አንደኛው ያሳድዳል፣ ሌላኛው በሩን ይዘጋል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ፤ በጣም የሚደጋገመው እሱ ነውና። ጀርመኖች በ1916 ተሸንፈው ሲወጡ አምስት እጅ ከሚሆነው ካሜሩን አራቱን እጅ ያህል ፈረንሳይ ወሰደች፤ እንግሊዝ በናይጄሪያ ድንበር የተዘረጋውን ቁራጭ ያዘች። ይህን ቁራጭ ራሱን የቻለ ግዛት አድርጋ እንኳን አላስተዳደረችውም፤ የናይጄሪያ ጭራ አድርጋ ቀጠለችው። የሰሜኑ ክፍል በሰሜን ናይጄሪያ፣ የደቡቡ ደግሞ በምሥራቁ ክፍለ ግዛት ሥር ሆነ። የሙዝ፣ የጎማና የዘንባባ እርሻዎቹን በ1924 ለንደን ላይ በጨረታ ስትሸጥ የገዟቸው የቀድሞዎቹ ጀርመናውያን ባለቤቶች ነበሩ፤ በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ካሜሩን ውስጥ ከእንግሊዛውያን ይልቅ ጀርመናውያን ይበዙ ነበር። የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በካሜሩን ተራራ ግርጌ፣ ቡዌያ አጠገብ ሳሴ ላይ የተከፈተው በ1939 ነው፤ የከፈቱትም የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንጂ መንግሥት አይደለም። ከ20 ዓመት በላይ የገዛ መንግሥት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይሠራ፣ ሌሎች የሠሩት እንደ ስጦታው ይቆጠርለታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በኋላ የመጣው ነው። ናይጄሪያ ነጻ ስትወጣ ይህ ግዛት ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ራሱን ችሎ ነጻ ይሁን የሚሉም ነበሩ። የለንደን መልስ ኢኮኖሚው ብቻውን መንግሥት አይሸከምም የሚል ነበር። አርባ ዓመት ያስተዳደረችው ማን ሆና ነው? ሳትመግብ ያሳደገችውን ልጅ ደካማ ነህ ብላ ለጎረቤት አሳልፋ ሰጠችው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1961 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ሕዝቡ የቀረቡለት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ከናይጄሪያ ጋር ተቀላቅለህ ነጻ መውጣት ትፈልጋለህ? ወይስ ከካሜሩን ሪፐብሊክ (ከቀድሞው የፈረንሳይ ክፍል) ጋር ተቀላቅለህ? ሦስተኛ ጥያቄ አልነበረም። ደቡቡ 233,571 ለ97,741 በሆነ ድምፅ ካሜሩንን መረጠ፤ ሰሜኑ ናይጄሪያን። ይህን ምርጫ ነጻነት ብሎ መጥራት ቃሉን ማዋረድ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ከፈረንሳዩ ክፍል የግዳጅ ሥራንና ያለ ፍርድ ቤት የሚያስቀጣውን የአገሬው ተወላጆች ደንብ ሸሽተው ወደ እንግሊዙ ክፍል የተሻገሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በ1959ም ቡዌያ ላይ የደቡቡ ክፍል ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንድሌይ በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን ለተቃዋሚው ለፎንቻ በሰላም አስረክቧል። ሰው ከረመጥ ሸሽቶ ጥላ ሲፈልግ ግን ጥላው የማን እንደሆነ አይመርጥም። የቡዌያውም ጨዋነት የካሜሩናውያኑ የራሳቸው ነበር፤ ለምን ለእንግሊዝ ይመዘገብላታል?

ያለ ዋስትና የተሰጠው የደቡቡ ሕዝብ ከካሜሩን ጋር የገባበትን ፌዴሬሽን ያቆየው እስከ 1972 ብቻ ነው። ፌዴሬሽን ሲፈርስ ምን እንደሚከተል 1962ን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ አንባቢ አይጠፋውም። በ2016 በዚሁ በቀድሞው የእንግሊዝ ክፍል ጠበቆችና መምህራን የእንግሊዝኛ ሕጋቸውንና ትምህርታቸውን ለማስከበር ሰልፍ ወጡ፤ በ2017 መንግሥት ኢንተርኔታቸውን ለ93 ቀናት ዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ በተካሄደው ጦርነት ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። «ዕድለኛ» የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ማክሮን ደብዳቤውን የጻፉት የታሪክ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ፣ መዝገብ አገላብጦ ሪፖርቱን ካቀረበላቸው በኋላ ነው። ከለንደንም የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ በ1957 ሙሚዬና ጓደኞቹ የተጋዙበትን መዝገብ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ከድምፅ መስጫው እንዲቀር የተወሰነበትንም ሰነድ ለካሜሩን ሰዎች አቅርባ ታስነብብ።