«ዕቃ ነው፣ ይተካል» አትበሉኝ

ወገን ዛሬ ሆዴ አሮ ነው የምጽፈው፣ ረዘመ ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቤት ከቀየርን አምስተኛ ቀናችን ነው፣ እስካሁን ካርቶን በከፈትኩ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ላወራው የሞከርኩት ሰው ሁሉ ደግሞ «ተይው፣ ዕቃ ነው፣ ይተካል፣ ዋናው ጤና» ይለኛል። አልሀምዱሊላህ ጤና ነን፣ እሱን አልካድኩም። ግን ሁሉም ዕቃ አይተካም!

ሳትጠነቀቂ ጭነሽ ነው እንዳትሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስጠቀልል ነው የከረምኩት። የፓስታ፣ የሳሙና፣ የብስኩት ካርቶን ከየሱቁ ለምኜ ሰበሰብኩ፣ እያንዳንዱን ከታች በፕላስተር ደጋግሜ አሰርኩ። (የዘይት ካርቶን ጠንካራ ይመስላል ግን ታቹ ዘይት ከነካው ሲያነሱት ነው የሚዘረገፈው፣ አትመኑት።) ሰሀኖቹን አልደረደርኳቸውም፣ በጎናቸው ነው ያቆምኳቸው፣ ምክንያቱም ሰሀን ተደራርቦ ከተኛ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሁሉም ክብደት የታችኛው ላይ ነው የሚያርፈው፣ በጠርዙ ከቆመ ግን ይችለዋል። ብርጭቆውን ውስጡንም ውጪውንም ወረቀት፣ ክፍተቱን በልጆቹ ካልሲና በአሮጌ ፎጣ ሞላሁ። ካርቶኑን ወዝወዝ ስታደርጉት ኳ የሚል ነገር ከሰማችሁ ገና አልታሸገም ማለት ነው፣ ፍቱትና እንደገና ጀምሩ።

ጀበናዋን ደግሞ በጭድ ነው ያሸግኳት። ገበያ ሸክላ የሚያወርዱት ሴቶች በጭድና በሳር ጠቅጥቀው ነው ያን ሁሉ መንገድ የሚያመጡት፣ እማዬ ከነሱ አይታ ነው ያስተማረችኝ። አንገቷን በነጠላ ቁራጭ ጠመጠምኩ፣ ጡቷን ለብቻ በጨርቅ፣ ሆዷን በጭድ፣ ከጎኗ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ። ሲኒዎቹ እማዬ አሰብ ገና የኛ ወደብ እያለ በባቲ በኩል ያስመጣቻቸው ናቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር ያላቸው፣ ከ12ቱ 9 ቀርተው ነበር። እኔ ስዳር ጀበናዋንም ሲኒዎቹንም ሰጠችኝ። ካርቶኑ ላይ በማርከር «ተሰባሪ!» ብዬ ጻፍኩ፣ በአራቱም ጎን ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አደረግኩ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ እስኪ ንገሩኝ?

የጫንን ቀን ጠዋት ይመጣል የተባለው አይሱዙ ከሰዓት መጣ። አዲሱ ተከራይ ዕቃውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ አከራያችን ቶሎ በሉ ትላለች፣ ሹፌሩ ሌላ ጭነት አለብኝ እያለ ክላክስ ይነፋል። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች መጡና ከኛ ውጪ ማንም ዕቃ አይነካም አሉ፣ 5 ሺህ ጠርተው በስንት ልመና በ3 ሺህ 500 ተስማማን። ገንዘቡስ ይሁን፣ ጉልበታቸው ነው፣ ይብሉት። የኔ ንዴት ሌላ ነው። ሁለት ሳምንት ያሸግኩትን ቤት በ40 ደቂቃ ነው የጨረሱት! ቲቪውን ስክሪኑን ወደ ላይ አስተኝተው ወንበር ሊጭኑበት ሲሉ ነው የደረስኩት። ፍላት ቲቪ እኮ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ በሁለት ፍራሽ መሀል አስገብታችሁ፣ ከተኛ ያ ስስ መስታወት በትንሽ ጫና ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስጮህ ያኔ ያ ካርቶን፣ ተሰባሪ የሚለው፣ ቀስቱ ወደ መሬት ሆኖ ተገልብጦ አየሁት፣ ላዩ ላይ የጤፍ ጆንያ። ወንድሜ በአላህ አውርደው ብዬ ለመንኩት። «አብሽሪ እቱ፣ ምንም አይሆንም» አለኝ። አብሽሪ የሚለው ቃል ለኛ ለወሎዎች ትልቅ ቃል ነው፣ ለታመመ ነው የሚባለው፣ ላዘነ ነው። ሰው ሲለምንህ ዝም ለማሰኘት አይባልም። ጆንያውን አነሳልኝ፣ ካርቶኑን ግን አላዞረውም፣ መኪናው ተነሳ።

መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው የምትወርዱት። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንወርድ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደፊት ሲንሸራተት ጋቢና ሆኜ ይሰማኛል። ከባዱ ዕቃ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ ከታች ሆኖ፣ በገመድ መታሰር ነበረበት፣ የነሱ ገመድ ግን ከላይ ፍራሹን ብቻ ነው የያዘው። እኔ ትንሹን ልጅ ታቅፌያለሁ፣ እግሬ ስር ወርቄና የሰነድ ቦርሳ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማዬ። ወርቅና ሰነድ ከእጅ አይለይም ተብዬ ስላደግኩ እሱን አደረግኩ። ጀበናዋንም መያዝ ነበረብኝ፣ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ምጣዱን ያዳነው ባሌ ነው፣ ኋላ ተቀምጦ እንደ ልጅ አቅፎ አምጥቶታል። ምጣድ ተሟሽቶ፣ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ እንጀራው ሳይዝ መነሳት እስኪጀምር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የጋገረች ታውቃለች። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከሸክላው ስር ሽቦ የተዘረጋበት ነው፣ ሸክላው ከተሰነጠቀ ኮረንቲ ሊይዝሽም ይችላል። ፍሪጁን በጎኑ አስተኝተው ነበር ያመጡት፣ እንዳወረዱት «ሰክተን እንየው» አሉ፣ እምቢ አልኩ። በጎኑ ሲተኛ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፣ አቁሞ ማሳደር ነው፣ በማግስቱ ሰካሁት፣ ይሰራል።

ካርቶኑን ማታ ነው የከፈትኩት። መጀመሪያ ጭዱን ሳወጣ እጄን ወጋኝ። የጀበናዋ ሆድ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፣ አንገቷ ብቻ ነጠላው ውስጥ እንደተጠመጠመ ደህና ነው። ከሲኒዎቹ 3 ተረፉ፣ አንዱ ጆሮ የለውም። ለሹፌሩ ደወልኩ፣ «እኔ መኪና ነው የነዳሁት፣ የጫኑትን ጠይቂ» አለኝ። የጫኑትን ደወልኩ፣ «ስንጭነው ደህና ነበር፣ መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። ታዲያ ማነው የሰበረው? 3 ሺህ 500 ብር ስትቀበሉ፣ የመኪና ኪራይ ስትቀበሉ ዕቃውን በሰላም ለማድረስ አልነበረም? ካርቶን ላይ የተጻፈ አንድ ቃል አንብቦ ለማዞር ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

እማዬ ቅዳሜ ቤት ልታይ ትመጣለች። ትናንት ደውላ «ቡናውን እኔ ቆልቼ አመጣለሁ፣ አንቺ ጀበናዋን ብቻ ጣጂ» አለችኝ። እሺ አልኳት።