«በወር ስንት ይከፍላል?» ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለም ወይ?

ኧረ በሕግ አምላክ! ቲክቶክ ላይቭ በተከፈተ ቁጥር አንዱ ሰንጠረዥ ለጥፎ «ይሄ ፈንድ 12 በመቶ ይከፍላል፣ ያኛው 60 በመቶ፤ ተኝታችሁ በየወሩ አካውንታችሁ ይገባል» ይላል። ሰው ደግሞ ተሽቀዳድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በወር 500 ዶላር እንዲመጣልኝ ስንት ልግዛ?» ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው የሚል ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ኡበር ተነድቶ፣ ፓርኪንግ ተቁሞ የተጠራቀመ ገንዘብ እኮ ነው በዚህ ጥያቄ ብቻ የሚገባው!

ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። እነዚህ ፈንዶች የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው የሚሠሩ ናቸው፤ ገቢውን የሚያመጡት ከቨርድ ኮል በሚባል ዘዴ ነው። ከቨርድ ኮል ማለት አክሲዮን ይዞ፣ አክሲዮኑ ከተወሰነ ዋጋ በላይ ቢወጣ የሚገኘውን ጭማሪ አስቀድሞ ለሌላ ሰው መሸጥ ነው። መብቱ ኮል፣ ገዢው ለእሱ የሚከፍለው ደግሞ ፕሪሚየም ይባላል። በየወሩ «ገቢ» ተብሎ የሚላክላችሁ በአብዛኛው እሱ ነው። አክሲዮኑ 100 ዶላር ነው እንበል። ፈንዱ በዚያው በ100 ዶላር ዋጋ የአንድ ወር ኮል ሸጦ 2 ዶላር ተቀበለ። ወሩ ሲያልቅ አክሲዮኑ 108 ቢደርስ እናንተ ዘንድ ያለው 102 ነው፤ ስድስቱን ዶላር ኮሉን የገዛው ሰው ወሰደ። ወደ 90 ቢወርድ ግን የአሥር ዶላሩ ኪሳራ የእናንተ ነው፤ ማካካሻችሁ ያቺው 2 ዶላር ናት።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ችግሩ ሁለተኛው ወር ላይ ነው። አክሲዮኑ 90 ላይ ሳለ ፈንዱ አዲስ ኮል ይሸጣል፤ አሁን በ90 ዋጋ ማለት ነው። ሌላ 2 ዶላር ገባ እንበል። በወሩ ውስጥ አክሲዮኑ ተመልሶ 100 ቢገባ፣ አክሲዮኑን ብቻ የያዘ ሰው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተመለሰለት። የእናንተ ፈንድ ግን 90 ላይ ቀረ፤ የተከፈላችሁ 4 ዶላር ተደምሮ 94። ገበያው ወርዶ ሲመለስ እናንተ ወርዳችሁ አልተመለሳችሁም። ይህ በተደጋገመ ቁጥር የፈንዱ ዋጋ እየሰለሰለ ይሄዳል፤ የማንም ተንኮል የለበትም፣ የአሠራሩ ጠባይ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ ኪው ዋይ ኤል ዲ (QYLD) የሚባለውን ፈንድ ዋጋ ክፈቱ። በዲሴምበር 2013 በ25 ዶላር አካባቢ የጀመረ፣ አሁን የግሎባል ኤክስ ኩባንያ የሆነ ፈንድ ነው፤ ናስዳክ 100ን (በናስዳክ ገበያ ያሉ የ100 ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን) ይዞ በያዘው ሁሉ ላይ በየወሩ በወቅቱ ዋጋ ኮል ይሸጣል። በ2023 መጨረሻ ዋጋው 17 ዶላር አካባቢ ነበር። በእነዚያው አሥር ዓመታት ናስዳክ 100 ከ3,500 ገደማ ተነስቶ 16,800 አካባቢ ደርሷል። ሐቁን ላለመደበቅ፣ የተከፈለው ሁሉ ቢደመር ፈንዱ አክስሯል ማለት አይቻልም። በ2022 ናስዳክ በ33 በመቶ ገደማ ሲወድቅ እሱ በ19 በመቶ አካባቢ ነው የከሰረው፤ በ2023 ናስዳክ ከ50 በመቶ በላይ ሲመለስ ደግሞ እሱ ከ20 በመቶ ትንሽ ነው ያለፈው። ሁለቱን ዓመት ደምራችሁ ካያችሁ ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠሩት ገበያው የጋለበባቸው ዓመታት ናቸው።

አሁን በጣም ወደሚያናድደው ነገር ልምጣ። የዚህ ፈንድ ወርኃዊ ክፍያ ከዋጋው 1 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የተቀመጠው። 1,000 ድርሻ ያለው ሰው ዋጋው 25 ሳለ በወር እስከ 250 ዶላር ያገኛል፤ ዋጋው 17 ሲሆን 170። የቤት ኪራይ በዚሁ ጊዜ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ። ሰንጠረዡ ላይ ግን አሁንም «12 በመቶ» ነው የሚለው! ውሸት ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ 1 በመቶው የሚሰላው በዛሬው ዋጋ እንጂ እናንተ በገዛችሁበት ስላልሆነ ነው። ክፍያው ባለበት ቆሞ ዋጋው ቢወርድማ መቶኛው ራሱ ያድጋል። ስለዚህ አንድ ፈንድ ከፍ ያለ መቶኛ ሲያሳይ ምናልባት ዋጋው ተንዶ ይሆናል።

60 በመቶ የሚባሉት ደግሞ የባሱ ናቸው። ለምሳሌ ዪልድማክስ የሚባለው ኩባንያ ፈንድ ቲ ኤስ ኤል ዋይ (TSLY) የቴስላን አክሲዮን አይዝም፤ ኮል ገዝቶ፣ ፑት (አክሲዮኑን በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ መብት) ሸጦ አክሲዮኑን የያዘ ያህል ያደርጋል፣ ከዚያ በላዩ ኮል ይሸጣል። በኖቬምበር 2022 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 2024 ሁለቱን ድርሻ ወደ አንድ አጠፈ፤ ሪቨርስ ስፕሊት የሚባለው። 200 ድርሻ የነበረው ሰው በማግስቱ 100 ድርሻ አገኘ፤ ዋጋው እጥፍ ቢመስልም ጠቅላላ ገንዘቡ ያው ነው። ይህን «ፈንዱ ተነሣ!» ብሎ የሚያበስር ሰው ስታዩ ቻናሉን ዝጉት።

ከሚከፈላችሁ ውስጥ የተወሰነው የራሳችሁ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ሪተርን ኦፍ ካፒታል ይባላል። ዕቁብ ሲደርሳችሁ ትደሰታላችሁ እንጂ አተረፍኩ አትሉም፤ ይሄም እንደዚያ ነው። ፈንዱ ከክፍያው ጋር የ19ኤ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ከሚከፈለው ስንት በመቶው ካፒታል እንደሆነ ግምቱ እዚያ አለ። የመጨረሻው ቁጥር ለታክስ በሚላክላችሁ ቅጽ፣ በ1099-ዲአይቪ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ይመጣል። ሳጥን 3 ላይ ቁጥር መኖሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ አንዳንዴ የታክስ አመዳደብ ጉዳይ ነው። ዋጋውም አብሮ እየወረደ ከሆነ ግን የምትበሉት ዋናውን ነው። በዚያ ላይ የተመለሰላችሁ ገንዘብ የመግዣ ዋጋችሁን ይቀንሳል። በ20 ዶላር ገዝታችሁ 3 ዶላር ካፒታል ከተመለሰላችሁ፣ ለታክስ የመግዣ ዋጋችሁ 17 ነው። በ18 ስትሸጡ «2 ዶላር ከሰርኩ» ብትሉም የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢው አይ አር ኤስ 1 ዶላር አትርፋችኋል ይላል።

ታክሱን ሰው ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም። ጄ ኢ ፒ አይ (JEPI) የሚባለው ፈንድ ከእነዚህ ሁሉ ረጋ ያለው ነው፤ ጄፒ ሞርጋን በሜይ 2020 ያወጣው፣ ወጪው በዓመት 0.35 በመቶ የሆነ። ግን ክፍያው በአብዛኛው እንደ ደሞዝ ነው የሚታሰበው፤ የተለመደው ዲቪደንድ (ኩባንያ ለባለአክሲዮን የሚያካፍለው ትርፍ) የሚያገኘውን ዝቅተኛ ታክስ አያገኝም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩና 22 በመቶ የታክስ እርከን ላይ ያላችሁ የፌዴራሉን፣ የሜሪላንድን 4.75ና የካውንቲውን 3.2 ደምሩ፤ ከ100 ዶላር 30 ገደማ ሄደ። ማንም ቀድሞ አይቆርጥላችሁም፤ በኤፕሪል በአንዴ ይመጣል። ኦባማኬር (በመንግሥት የሚደጎመውን የጤና ኢንሹራንስ) የምትጠቀሙ ደግሞ ይህ ገቢ ዓመታዊ ገቢያችሁ ላይ ይደመራል፤ ድጎማው ሊቀነስ፣ የወሰዳችሁትንም መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። «ተኝታችሁ ይገባል» ያለው ሰውዬ ይህን አልነገራችሁም አይደል?

ሮት አይ አር ኤ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ አካውንት ውስጥ ከሆነ ይህ የታክስ ጣጣ የለም። ሆኖም በዓመት የሚገባበት ገንዘብ የተወሰነ ነው፤ ለ2025 የተፈቀደው ከ50 ዓመት በታች ለሆነ ሰው 7,000 ዶላር ብቻ ነበር። የ30 ዓመት ልጅ ያንን ጠባብ ቦታ ዕድገቱን በሸጠ ፈንድ ሲሞላ ማየት ያሳዝናል። ጡረታ የወጣ፣ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ የሚፈልግና ትንሽ ዕድገት የሚበቃው ሰው ቢይዘው ክርክር የለኝም። ገበያው ባለበት ሲረግጥም ጥሩ ይሠራል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ የፈንዱን ገጽ ይክፈት። ኮሉ የሚሸጠው በያዘው ሁሉ ላይ ነው ወይስ በግማሹ? ኪው ዋይ ኤል ጂ (QYLG) የሚባለው ፈንድ ለምሳሌ በግማሹ ላይ ብቻ ነው የሚሸጠው፤ ክፍያው ያንሳል፣ ዕድገቱ ግን ይተርፋል። ስትራይኩ (ኮሉ የተሸጠበት የአክሲዮን ዋጋ) በወቅቱ ዋጋ ነው ወይስ ከዚያ ከፍ ብሎ? ወጪውስ? በ10,000 ዶላር ላይ ጄ ኢ ፒ አይ በዓመት 35፣ ኪው ዋይ ኤል ዲ 60 አካባቢ፣ ኮል የማይሸጠው ተራው የቫንጋርድ ፈንድ ቪ ኦ ኦ (VOO) 3 ዶላር ይወስዳል። ከዚያ ቶታል ሪተርኑን (የዋጋው ለውጥና ክፍያው አንድ ላይ) ኮል ከማይሸጠው፣ ገበያውን ብቻ ከሚከተለው ተራ የኢንዴክስ ፈንድ ጋር፣ በተመሳሳይ ዓመታት፣ ክፍያው ተመልሶ እንደገባ አድርጎ ያስተያይ። የዋጋውን ግራፍ ብቻ ማየት ፈንዱን ይበድላል፣ ክፍያውን ብቻ ማየት ደግሞ እናንተን። ከኤክስ ዴት (ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ ሰው የዚያን ወር ክፍያ አያገኝም) በፊት ባለው ቀን ገዝቶ፣ ክፍያውን ወስዶ መሸጥ የሚባለውንም «ብልሃት» ተዉት፤ በኤክስ ዴት ጠዋት ዋጋው የክፍያውን ያህል ቀንሶ ነው የሚከፈተው፣ የተረፋችሁ ታክሱ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ስብከት መጥቷል፤ «በማርጅን ተበደሩ፣ ክፍያው ወለዱን ይሸፍናል»። ማርጅን ማለት አክሲዮን ከምትገዙበት ድርጅት፣ ከብሮከሩ፣ ተበድሮ መግዛት ነው። 20,000 የራሳችሁ፣ 20,000 ብድር፣ በጠቅላላ 40,000 ዶላር ገዛችሁ እንበል። ክፍያውን እየበላችሁ ዋጋው በአንድ ሦስተኛ ቢወርድ 26,700 ገደማ ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ የእናንተ 6,700 ብቻ ነው። የእናንተ ድርሻ ከጠቅላላው ከ25 በመቶ እንዳያንስ ሕጉ ይጠይቃል፤ ይህ ልክ ጠርዙ ላይ ነው፤ ብዙ ብሮከሮች ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈንድ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ባንድ አክሲዮን ላይ በተሠራ ፈንድ አንድ ሦስተኛ መውረድ ብርቅ አይደለም። ብሮከሩም ደውሎ የማስጠንቀቅ ግዴታ የለበትም፤ ሳይነግራችሁ መሸጥ እንደሚችል የፈረማችሁት የማርጅን ውል ላይ ተጽፏል።