አሁን ነበሩ

"አሁን ነበሩ። አምስት ደቂቃ ቀደም ብትሉ ኖሮ!"

ይህን ያለን ሰውዬ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳ ነው። እኔ ከመኪና ማቆሚያው ጀምሬ ግማሽ ሰዓት ያህል በጭቃና በጠጠር ላይ ሱክ ሱክ ስል ስለመጣሁ ትንፋሼ ገና አልተመለሰም። ወሩ የካቲት፣ ቦታው ስኔትሻም ነው፤ የእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ የኖርፎክ አውራጃ። ዋሽ በሚሉት ባሕረ ሰላጤ ዳር ቆሜ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ያመለጡን ወፎች "ኖት" ይባላሉ። ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ "ደኅና ኖት?" ሊሉኝ የጀመሩ መስሎኝ እጅ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከግሪንላንድና ከሰሜን ካናዳ መጥተው የብርዱን ወራት እዚህ ጭቃ ላይ በአሥር ሺዎች ሆነው ይከርማሉ። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ባሕሩ ከሌላው ቀን አብልጦ ይሞላና ጭቃውን ይውጠዋል። ወፎቹ መቆሚያ ያጣሉ። ያኔ አንድ ላይ ብድግ ይላሉ፤ ሰማዩ ላይ እንደ ጭስ ይጠቀለላሉ፤ ወዲህ ሲዞሩ ነጭ፣ ወዲያ ሲዞሩ ግራጫ። የክንፋቸው ድምፅ ራስህ ላይ ሲያልፍ አንድ ሰው ትልቅ ነጠላ ያራገፈብህ ይመስልሃል። ከዚያ ከኋላ ወዳሉት፣ ድሮ ጠጠር ይወጣባቸው ወደነበሩ ኩሬዎች ገብተው ያርፋሉ። ይህን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። የዛሬው ሦስተኛ ይሆን ነበር።

ጭራሽ አላገኘናቸውም አልልም። ኩሬው ዳር እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ምንቃራቸውን ላባቸው ውስጥ ቀብረው ተኝተዋል። አብሮኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ በባይኖኩላሩ ብዙ ካየ በኋላ "ይሄ ጠጠሩ ነው አይደል?" አለኝ። ባለ ፔርሙዙ ደግሞ፣ ቋንቋችንን ሳይሰማ ነገሩ ገብቶት፣ "ይሄማ መኝታቸው ነው፤ መነሣታቸውን ነበር ማየት" ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

በዚህ አውራጃ ሦስት የብርድ ወራት አሳልፌያለሁ። ሌሊት አረጋውያን እጦራለሁ፤ ሥራ በሌለኝ ጠዋት ወፍ አያለሁ። ደብተሬ ሁለት ዓምድ አለው። በግራ በኩል ያየኋቸው ይጻፋሉ፤ 84 ደርሰዋል። በቀኝ በኩል ያለው ዓምድ ርእሱ "አሁን ነበረ" ይላል፤ እዚያ 37 አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከግራው ይልቅ የቀኙ ያምራል። ጭልፊቱ ሁሉ፣ ጉጉቱ ሁሉ፣ ከአርክቲክ የመጣው ነጭ ድንቢጥ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በግራ በኩል ዳክዬ ይበዛል።

የቀኙ ዓምድ እመቤት ቢተርን የምትባል ወፍ ናት። ሸንበቆ ውስጥ ትኖራለች፤ ላባዋ ራሱ የደረቀ ሸንበቆ ነው፤ ሰው ስታይ ምንቃሯን ወደ ሰማይ ቀስራ ሸንበቆ ትሆናለች። ክላይ በሚባለው ረግረግ፣ ከእንጨት በተሠራች መመልከቻ ጎጆ ውስጥ አራት ሰዓት ጠብቄያት አውቃለሁ። እዚያ ጎጆ ውስጥ ሰላምታ የለም። እንደ ልማዴ "እንደምን አደራችሁ" ብዬ ስገባ ስድስት ሰዎች በቅዳሴ መሀል ስልኩ የጮኸበትን ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። አራት ሰዓት ዝም አልኩ። ሽንቴ መጣ። ወጥቼ ስመለስ ስድስቱም ፈገግ ብለዋል። ያኔ ግን አፍ አውጥተው አናገሩኝ! ምን እንዳሉኝ መጻፍ አያስፈልግም።

ስለ ቢተርን ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይህች ወፍ አገር ሙሉ ነው የምታስጠብቀው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከብሪታንያ መፈልፈሏን ጨርሳ ትታ ነበር፤ ረግረጉን አደረቁባት፣ እሷንም አድነው በሏት። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤማ ተርነር የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ እዚሁ ኖርፎክ ውስጥ ጫጩቷን አግኝታ ፎቶ እስክታነሣ ድረስ "ነበረች" ብቻ ነበረች። እንደገና ተመናምና እ.ኤ.አ. በ1997 በመላው ብሪታንያ የሚጣሩ ወንዶች 11 ብቻ ቀሩ፤ አሁን ደግሞ በዝተዋል ይላሉ። በዝተው ነው እንግዲህ ለእኔ ያልታዩኝ።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቷል። አንድ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ "ምን አለ?" ሲለኝ፣ በልቤ የምመልሰው አዲስ አበባ ላይ በተማርኩት ቋንቋ ነው፤ "ወፍ የለም!" ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ባለበት አገር "ምንም የለም" ለማለት "ወፍ የለም" የሚል ሕዝብ ነን። እኔ ራሴ ያደግሁት ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ነው፤ ስማቸውን የማውቃቸው ወፎች ግን ጣት አይሞሉም ነበር። ጉጉት፣ እርኩም፣ ጋጋኖ የሚባሉትንም ያወቅሁት ኦሪት አትብሉ ካለቻቸው መካከል ስለሆኑ ነው። በደንብ የማውቀው አባ ኮዳን ነው። አባ ኮዳ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ሆድ ዕቃውን እስኪወረውሩለት፣ ራሰ በራውን ይዞ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆሞ ይጠብቃል። ጠዋት ብትሄድ አለ፣ ማታ ብትሄድ አለ። ስለ አባ ኮዳ "አሁን ነበረ" ያለኝ ሰው በሕይወቴ የለም።

አባቴ አንዲት ተረት ይወዳል፤ እኔም ከእሱ ወርሼ እወዳታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስለዚህች ውሻ ብዙ አስቤያለሁ፤ ያለ ጥፋቷ የተሰደበች ይመስለኛል። ጅቡ በር ላይ ቆሞ ሳለ ዝም ማለቷ ፍርሃት ነው ያለው ማነው? ብልህነትስ ቢሆን? ደግሞም ዘግይታም ቢሆን ስትጮህ ሰው ነቅቷል፤ በጎቹ ተቆጥረዋል፤ በሩ ተጠብቋል። ከሁሉም በላይ ግን ውሻዋ ጮኸች እንጂ ጅቡ ወንድ ይሁን ሴት፣ የዘንድሮ ይሁን የአምና፣ በየት በኩል ዞሮ የጠዋት ፀሐይ ጀርባው ላይ ሲያርፍ እንዴት እንዳማረበት አልተረከችም። ባለ ፔርሙዙ ይተርካል። ምን ይሁንልህ ብሎ ነው የሚተርከው? ያለፈውን መልሼ አላመጣው። "የለም" ቢለኝ አይበቃም? አዲስ ለመጣ ሰው "የለም" ማለት ዜና ነው፤ "አሁን ነበረ" ማለት ግን ጉራ ነው፤ በአዘኔታ የተጠቀለለ ጉራ።

ይህን ጉራ አገር ቤትም አውቀዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ፊርማ ፈልጌ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። "ኃላፊው አሁን ወጡ።" ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። "አሁን ይመጣሉ፣ ኮታቸውም ይኸው።" በሁለተኛው ቀን ኮቱ እዚያው ነው። በሦስተኛው ቀን ለጥበቃው አምርሬ ብነግረው ሳቀና፣ ሰውዬው ሁለት ኮት እንዳላቸው አስረዳኝ፤ አንዱ ለመልበስ፣ አንዱ ለወንበሩ። ዛሬ ሳስበው ኃላፊውን ለማየት የሚያስፈልገው ያው ማለዳ፣ ያው ትዕግሥት፣ ያው ባይኖኩላር ነበር።

ለወፍ ሰዎቹም አንድ ነገር ልመስክርላቸው፤ ሲያዩ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ክላይ መንደር ውስጥ አንዲት አሜሪካዊት ድንቢጥ፣ ዘውዷ ነጭ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ አንድ ሰው ግቢ ገባች። ከአገሩ ሁሉ ሰው ጎረፈ። ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማሳደሻ እየተባለ መዋጮ ሲሰበሰብ ከ6,000 ፓውንድ በላይ ወጣ፤ ዛሬ ድንቢጧ በቤተ ክርስቲያኑ ባለ ቀለም መስታወት ላይ ተሥላ ትታያለች። በእኛ አገር አውራ ጎዳና ዳር ጃንጥላ ዘርግተው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ "ለሕንፃው ማሠሪያ" እያሉ የሚውሉትን አባት አሰብኳቸው። አንዲት ድንቢጥ ብትላክላቸው ጉልላቱ በወር ያልቅ ነበር። እርግጥ ድንቢጥ ሞልቶናል። ድንቢጧን ለማየት ከሌላ ከተማ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው ነው የጠፋው።

ስለ ምን ነበር የማወራው? አዎ፣ ስለ መዘግየታችን።

የዘገየነው በእኔ ምክንያት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ለሦስት ሳምንት ጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሶፋዬ ላይ ያድራል። ማታ "ባሕሩ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሞላል፤ ቀድመን መድረስ አለብን" አልኩት። "እሺ" አለ። ንጋት ላይ ብቀሰቅሰው አንድ ዓይኑን ገልጦ ስልኩን አየና "ገና ነው እኮ፤ አንድ ተኩል አላልክም?" ብሎ ተመልሶ ተጠቀለለ። ለካስ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በፈረንጅ ሰዓት መኖር ጀምሯል! ሃያ ዓመት እንግሊዝ አገር የኖርኩት እኔ በአማርኛ ሰዓት እያሰብኩ፣ አንድ ሳምንት ያልሞላው እሱ ከምሳ በኋላ ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ይህን አስረድቼ፣ ቁርስ አብልቼ፣ ከነጭ ስኒከሩ ጋር ተጨቃጭቄ (የእኔን ትርፍ ቦቲ "የገበሬ ነው" ብሎ አልለብስም አለ) ስንወጣ ባሕሩ እንደሆነ ሰው አይጠብቅም።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። ቂም አልይዝም፤ ቀን ግን አልረሳም። ልጅ ሆነን፣ የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ የሚሞላው ኢንተርኔት ቤት የሚሠራው እሱ ነበር። "ሲከፈት ንገረኝ" ብዬ አደራ ብያለሁ። ፎቶዬን ተነሥቼ፣ በነጭ መደብ፣ ጆሮዬ ሁለቱም እየታየ፣ ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞሬያለሁ። አንድ ቀን ቤት መጣ፤ እናቴ ቡና አቀረበችለት፤ አቦል ጠጣ፣ ቶና ጠጣ፣ በረካው ላይ ሲደርስ እጁን ጭኑ ላይ መታና "ውይ! ዲቪ እኮ ትናንት ሌሊት ተዘጋ!" አለ። ሲኒውን እንኳ አላስቀመጠም። የራሱን ሞልቷል። አልደረሰውም፤ እግዜር ይስጠው። እኔ ሞልቼ ቢሆን ይደርሰኝ ነበር ማለቴ አይደለም። ሞልቼ ቢሆን ቢያንስ ያላገኘሁት በራሴ ዕድል ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ያላገኘሁት በእሱ ዕድል ነው። ይህን ለሃያ ዓመት ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለእናቱ ብቻ ነው የነገርኳት። ለእህቱም።

ለማንኛውም፣ ከስኔትሻም ስንመለስ መንገዱ ላይ ዝይ አየን። እግራቸው ሮዝ ነው፣ ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ይመጣሉ፤ ገበሬው የስኳር ሥሩን ከነቀለ በኋላ ቃርሚያውን ይለቅማሉ። ብዙ ነበሩ። መኪናውን አቁሜ በእጄ አመለከትኩት። የአክስቴ ልጅ ግን ስልክ ላይ ነበር። በምስል ከእናቱ ጋር እያወራ ነው፤ ጭቃ የበላውን ስኒከሩን እንደ ማስረጃ ያሳያታል።

"አየናቸው እኮ እማዬ! ሰማዩን ሞሉት! እንደ ጭስ ነው የሚጠቀለሉት፤ ሲዞሩ ነጭ፣ ሲመለሱ ግራጫ!"

የእኔን ቃል ነው የሚላት፤ በመኪና ስንሄድ ያወራሁለትን፣ አንድ ፊደል ሳያጎድል። አክስቴ "እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ" ትላለች። ሰላጤውን ዋሽ ብለው የሰየሙት ሰዎች አማርኛ ባይችሉም፣ ይህን ልጅ ከሩቅ አይተውት መሆን አለበት።

ማታ የባሕሩን ሰሌዳ ከፍቼ አየሁ። ቀጣዩ ትልቅ ሙላት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ነፋስ ከሌለ ደግሞ ከዛሬው የበለጠ። የእሱ አውሮፕላን የሚነሣው ከዚያ በፊት ባለው ማታ ነው። ትኬቱን በትንሽ ገንዘብ በአንድ ቀን ማራዘም ይቻላል፤ ጠይቄያለሁ።

አልነገርኩትም። አዲስ አበባ ደርሶ አቦሉን፣ ቶናውን ይጠጣ፤ በረካው ላይ እደውልለታለሁ።