የቅንፍ ሊቃውንት

የአየር ንብረት ተደራዳሪዎችን የሚያማ ሰው በዝቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሰብስበው ነዳጅ ማቃጠሉን አላስቆሙትም ይሏቸዋል። እኔ በሐሜቱ የለሁበትም። ዛሬ የተነሳሁት ላመሰግናቸው ነው። እኛ አገር ሰው የሚመሰገነው ከሞተ በኋላ ስለሆነ ትንሽ ይገርማችሁ ይሆናል።

ከውጤቱ ልጀምር። በየዓመቱ በሚደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በርሊን ላይ የተሰበሰቡት በ1995 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። በዚያ ዓመት ዓለም ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ አቃጥላ ወደ ሰማይ የለቀቀችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 23 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር። አሁን በዓመት ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ይቀንሳል የተባለው ነገር ዓይናቸው እያየ ሲያድግ ሳይሰለቹ፣ ተስፋ ሳይቆርጡ፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በየዓመቱ የሚመጡ ሰዎችን ካላመሰገንን ማንን እናመስግን?

ትሕትናቸው ደግሞ አለ። እኛ ሰፈር ዕድር ሲቋቋም መጀመሪያ የሚጸድቀው መተዳደሪያ ደንቡ ነው። እነሱ እስካሁን አላጸደቁም። ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚያወራው አንቀጽ 42 ላይ በርሊን አልተስማሙም። ነዳጅ ሻጮቹ አገሮች በድምፅ ብልጫ የሚባለውን ነገር አልወደዱትም። እና በየዓመቱ ጉባኤው ሲከፈት «ከአንቀጽ 42 በቀር ረቂቁን እንጠቀም» ተብሎ ይታለፋል። ረቂቁ ሠላሳ ዓመት ሞላው፤ ሰው ቢሆን ትዳር ይዞ ልጅ ባደረሰ።

ድምፅ ስለማይሰጥ ሁሉም ካልተስማማ አይወሰንም። ወደ 200 የሚጠጉ አገሮች ናቸው። ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ላይ «ወራጅ አለ» ካላለ አልቆምም የሚል የታክሲ ሾፌር አስቡ። ነዳጅ ሸጦ የሚያድረው ተሳፋሪ ደግሞ መውረጃው ገና ነው።

ዋናው ችሎታቸው ግን ቅኔው ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሰምና ወርቅን ያውቃል። የእነሱም መግለጫ እንደዚያው ነው። ሰሙ ለፕላኔቷ፣ ወርቁ ለነዳጅ ሻጩ። ረቂቁ ሲቀርብ ያልተስማሙበት ቃል ሁሉ በቅንፍ ይታጠራል። አንዱ አገር «ይገባል» ይላል። ሌላው «ቢሆን ይመረጣል» ይላል። ሁለቱም ቅንፍ ውስጥ ይገባሉ። ገጹ አጥር በአጥር ይሆናል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራው ቅንፍ መንቀል ነው። ሌሊት ይነቅላሉ፣ ጠዋት መልሰው ይተክላሉ።

የ2015ቱን የፓሪስ ስምምነት ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ከሰል የሚል ቃል የለበትም። ነዳጅ የሚል የለበትም። አረቄን ስሙን ሳይጠሩ ስለ ስካር ሙሉ ሰነድ እንደመጻፍ ነው። ይህን የሚችል ብዙ ሰው የለም።

የከሰል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ግላስጎው ላይ፣ በ2021 ነው። 26ኛው ጉባኤ መሆኑ ነው። የመጨረሻው ረቂቅ ምን እንደሚል ልብ ብላችሁ ስሙ። ከሰልን ማስቀረት አላለም። ከሰልን ለማስቀረት መጣርም አላለም። ጭሱ ያልተያዘለትን (ማጥመጃ ያልተገጠመለትን) ከሰል ቀስ በቀስ ወደ ማስቀረት የሚደረገውን ጥረት ማፋጠን ነው ያለው። ጎን ለጎን ደግሞ «ቀልጣፋ ያልሆነ» የነዳጅ ድጎማ እንዲቀር ይጠይቃል። የእኔ ድጎማ ቀልጣፋ አይደለም ብሎ እጁን ያወጣ አገር እስካሁን አልሰማሁም።

ይህም በዛ ተባለ። በመጨረሻዋ ሰዓት የሕንዱ ሚኒስትር ተነሥተው «ማስቀረት» የሚለው «መቀነስ» ይባል አሉ። ቻይናም ከጎናቸው ነበረች። ስብሰባውን የሚመሩት እንግሊዛዊው አሎክ ሻርማ ነገሩ በሄደበት መንገድ ይቅርታ ጠየቁ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። እንባ ተናነቃቸው። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ከዚያ መዶሻዋን መቱና ቃሉ ተቀነሰ። በታሪክ የመጀመሪያው ቅነሳ መሆኑ ነው።

(ለሕንድ ግን እፈርድላታለሁ። ደሀ የሚያነደው ከሰል ብቻ ስሙ ተጠርቶ ሀብታሞቹ የሚያነዱት ነዳጅና ጋዝ ስሙ አልተነሣም። በዓመቱ ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ ላይ እንግዲያው ሁሉም ይቀነስ ብትል፣ ከ80 በላይ አገሮች ቢደግፏትም፣ እሱም መግለጫው ውስጥ ሳይገባ ቀረ።)

ቀጥሎ ዱባይ፣ 2023። የጉባኤው ፕሬዚዳንት ሱልጣን አል ጃበር ነበሩ፤ በዚያው ጊዜ የአቡ ዳቢ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅም ናቸው። ክፉ አፍ ያለው ሁሉ «ሥጋ ለጅብ አደራ» አለ። ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለ ሥጋ ከጅብ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ብቻቸውንም አልነበሩም። የዘመቻ ቡድኖች ቆጥረው እንደደረሱበት ከነዳጅ ኢንዱስትሪ ጋር የተያያዙ 2,456 ወትዋቾች መግቢያ ባጅ ወስደዋል። ከአስተናጋጇና ከብራዚል በቀር ይህን ያህል ልዑክ ያመጣ አገር የለም። እኛ ክፍለ ከተማ በር ላይ የሚቆመውን ሰውዬ ጉዳይ ገዳይ እንለዋለን። ስሙ እንዲህ በልኩ ሲሰፋ ዱባይ ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

የማጠቃለያው ቀን አንድ ትዕይንት አለ፤ ባሰብኩት ቁጥር እደሰትበታለሁ። ውሳኔው ጸድቆ መዶሻ ተመታ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ተቃቀፉ። ከዚያ የሳሞአዋ ተደራዳሪ ንግግር ጠየቁ። የ39 ትናንሽ ደሴት አገሮች ቃል አቀባይ ናቸው፤ ባሕሩ ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚሰምጡት እነሱ ናቸው። ግራ ተጋብተናል አሉ። ውሳኔውን ያጸደቃችሁት እኛ አዳራሹ ውስጥ ሳንኖር ነው አሉ። ደሴቶቹ ሌላ ክፍል ሆነው አቋማቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሴትየዋ ሲጨርሱ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበላቸው። ከመዶሻው የበለጠ ጊዜ። ውሳኔው ግን አልተከፈተም። ቤተሰቡ ሳይደርስ ሬሳው ተቀብሮ ለቅሶው ሲደምቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዱባይ የወጣው ቃል ታሪካዊ ነው ተብሏል፤ እውነትም ነው። አገሮች ከነዳጅ፣ ከከሰልና ከጋዝ «ፍትሐዊና ሥርዓት ባለው መንገድ እየራቁ እንዲሸጋገሩ» ይጠይቃል። «ማስቀረት» የለም። «መቀነስ»ም የለም። እኔ ለራሴ «ፈቀቅ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሦስት ሰው በሚይዘው የታክሲ ወንበር አራተኛ ሲጫን ረዳቱ «ፈቀቅ ፈቀቅ በሉ» ይላል። ሦስቱም ይወዛወዛሉ። ቦርሳቸውን ያስተካክላሉ። ከቦታው የሚነሣ ግን የለም። ከበርሊን እስከ ዱባይ 28 ዓመት ለአንድ ፈቀቅ። ያውም ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ብታነቡ «የሽግግር ነዳጆች» ሚና ሊኖራቸው ይችላል የሚል አለ። ጋዝ ማለት ነው። ፈቀቅ ብሎ ያስለቀቀው ቦታ ላይ ራሱ ተመልሶ ተቀመጠ።

በዓመቱ አዘርባጃን፣ ባኩ ሆነ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ኢልሃም አሊየቭ የመሪዎቹን ስብሰባ ሲከፍቱ ነዳጅና ጋዝ የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው አሉ። ግልጽነታቸውን ወድጄላቸዋለሁ። ፈቀቋም ቢሆን በስሟ ሳትጠራ ቀረች።

ያን ሰሞን ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ የባኩን አዳራሽ ያሳያል።

«እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የተሰበሰቡት?» አሉኝ እማማ።

«ጭስ ለመቀነስ ነው፣ እማማ።»

ከሰሉን እያራገቡ ትንሽ አሰቡ። «ቀነሰላቸው?»

«አልቀነሰም።»

«ከርሞስ?»

«ከርሞም ይሰበሰባሉ።»

«አበል አላቸው?»

«አላቸው።»

«እንዲያ በለኝ» አሉና ሁለተኛውን ቀዱ።

ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ አንድ ነገር ልጨምር። ፓሪስ በተፈረመበት ጊዜ ዓለም በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ3 ዲግሪ በላይ ልትሞቅ ነው ይባል ነበር። አሁን ባለው አካሄድ ግን የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2025 የገመተው 2.8 ነው። ከቃሉ በላይ የሠራው የሶላርና የባትሪ ዋጋ መውረድ ይመስለኛል። ግን ይሁን፣ ምርቃቱን ለተደራዳሪዎቹ ሰጥቻለሁ።

እኛ ቤትማ በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ቅንፍ የለ፣ ጥረት ማፋጠን የለ። ተከልክሏል፣ አለቀ። ሰማዩ አሳዝኖን እንዳይመስላችሁ፤ ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር አሳዝኖን ነው። መኪና ላስመጣ ብሎ ብር ሲያጠራቅም የኖረ ዘመዴ ዜናውን የሰማ ቀን ሁለት ሳምንት የሚያስደራድር ቁጣ በአንድ ምሽት ጨርሷል።

ሠላሳኛው ጉባኤ በ2025 ብራዚል፣ ቤሌም ከተማ ሆነ። ከ80 በላይ አገሮች ከነዳጅ የምንወጣበት ፍኖተ ካርታ ይዘጋጅ አሉ። የመጨረሻው መግለጫ ፍኖተ ካርታውንም ነዳጅ የሚለውንም ቃል ሳይጠራ ተዘጋ። ፍኖተ ካርታውን ጉባኤውን የሚመራው የብራዚል ቡድን ከስምምነቱ ውጪ በግሉ አዘጋጃለሁ አለ። የቤት ሥራውን አስተማሪው ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ቤሌም ላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተከናውኗል፤ ማንም አላመሰገነውም። ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከድንኳኖቹ በአንዱ እሳት ተነሣ። ጭስ ሲታይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ደረጃ በደረጃ እንውጣ ያለ የለም። ጭሱ ያልተያዘለት እሳት ነው ወይስ የተያዘለት ብሎ የጠየቀ የለም። የሳውዲውም፣ የሳሞአውም፣ ጉዳይ ገዳዩም በአንድ በር፣ በሙሉ ስምምነት። አንቀጽ 42ን የፈለገው የለም። እሳቱ ጠፍቶ ቦታው ሲፈተሽ ተመልሰው ገቡና ስለ ሌላኛው እሳት ቀጠሉ።

አሁን ተራው ወደ እኛ እየመጣ ነው። 31ኛው አንታልያ፣ ቱርክ ነው። 32ኛው በ2027 አዲስ አበባ። የአስተናጋጅነት መስፈርቱን ሳጠናው ቆይቻለሁ። ኤምሬትስ ነዳጅ አላት። አዘርባጃን ጋዝ አላት። ብራዚል ጉባኤው ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመንግሥት ኩባንያዋ ከአማዞን አፍ ፊት ለፊት ካለው ባሕር ነዳጅ ፍለጋ እንዲቆፍር ፈቀደች። የእኛም ካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፉ የተመረቀው በዚያው በ2025 ኦክቶበር ነው፤ በወሩ አስተናጋጅነቱ ጸደቀልን። በእርግጥ ሕዳሴም አለን። ግን ውሃ ብቻ ይዞ ማን ይጋብዘን ነበር?

ስለዚህ አዳራሽ ለምታከራዩ ወገኖቼ አንድ ምክር አለኝ። ፕሮግራሙ ዓርብ ያልቃል ቢሏችሁ አትመኑ። ማድሪድ በ2019 ዓርብ ያልቃል ተብሎ እሑድ ነው ያለቀው። ቅዳሜን ለሠርግ እንዳታከራዩት። ካከራያችሁም ሙሽሮቹን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ ኬኩ ሲቆረስ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ አንዲት ቅንፍ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ይብላ በሉት። አበሉ የዓርብን እንጂ የቅዳሜን አይሸፍንለትም።