ትኬት መቁረጫው ፊት የነበረው ሰልፍ

የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሰርጂዮ ሊዮኔ ነው። እኔም ፊልሞቹን እወዳቸዋለሁ። የሚቆጨኝ ግን በእሱ ዝና ተሸፍኖ የቀረ አንድ ፊልም ነው፤ ዳሚያኖ ዳሚያኒ እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው «ኪየን ሳቤ?»። «ማን ያውቃል?» ማለት ነው።

ዘመኑ የሜክሲኮ አብዮት ነው። ኤል ቹንቾ የሚባል ሽፍታ ከመንግሥት ጦር መሣሪያ እየዘረፈ ለአብዮተኛው ጄኔራል ኤሊያስ ያቀርባል። በነጻ አይደለም፣ ይሸጥለታል። ቹንቾን የሚጫወተው ጃን ማሪያ ቮሎንቴ ነው። በሊዮኔ ሁለት ፊልሞች ላይ ክፉው ሰው እሱ ነበር። እዚህ ግን ይስቃል፣ ይጮኻል፣ ሰው ያምናል። ያመነው ደግሞ ቢል ቴት የተባለ ልብሱ የጸዳ ዝምተኛ አሜሪካዊ ነው። ሻንጣው ውስጥ የወርቅ ጥይት አለች። የተቀጠረው ጄኔራሉን ለመግደል ነው።

ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፍራንኮ ሶሊናስ ነው፤ ስለ አልጄሪያ የነጻነት ትግል የሚተርከውን «የአልጀርስ ጦርነት» የተባለ ፊልም የጻፈው ሰው። የእሱ እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። ሳን ሚጌል የምትባለዋ መንደር ከባላባቷ ነጻ ስትወጣ ሕዝቡ ቹንቾን ይለምነዋል፣ ጠብቀን ብሎ። እሱ ግን መሣሪያውን ሊሸጥ ጥሏቸው ይሄዳል። ያልቃሉ። በኋላ ኤሊያስ ይህን ሲነግረው ቹንቾ አይከራከርም። ሞት ይገባኛል ብሎ ይቀበላል። ቮሎንቴ እዚያ ጋ የሚያሳየው ፊት ከአእምሮዬ አይጠፋም።

ዳሚያኒ ፊልሙ ዌስተርን፣ ማለትም የካውቦይ ፊልም፣ ሲባል አይስማማም ነበር። እውነቱን ነው። (መጨረሻውን እንድነግራችሁ የማትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ።)

ቴት ጄኔራሉን ገድሏል፤ ቹንቾም ከሞት ተርፏል። ቴት ከተከፈለው ግማሹን ለቹንቾ ይሰጠዋል፤ ቃሉን አላጠፈም። ሱፍ አልብሶ ወደ አሜሪካ ሊወስደው ባቡር ጣቢያ ይደርሳሉ። ትኬት መቁረጫው ፊት ድሃ ሜክሲኳውያን ተሰልፈዋል። ቴት ተራ ሳይጠብቅ አልፏቸው ፊት ይቆማል። ምንም አይመስለውም። ቹንቾ ቆሞ ያየዋል።

ስለ አብዮት ብዙ ንግግር ያለባቸውን ፊልሞች አይቻለሁ። እንደዚያች ሰልፍ የገባኝ የለም። ቹንቾ ወዳጁን ይገድለዋል። ለምን ሲባል፣ ማን ያውቃል ይላል። ከዚያ ገንዘቡን ለአንድ ሊስትሮ በትኖለት ይሮጣል፤ ዳቦ አትግዛበት፣ ድማሚት ግዛበት እያለ።